ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሰወረው ዋይፋይ፦ የሊኑክስ ራውተር ካርድ ጥያቄና የተከተሉት 18 መልሶች

የመክፈቻው ጥያቄ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ለተማሪዎች ማንበቢያ ክፍል ኢንተርኔት የሚያከፋፍል አነስተኛ ኮምፒውተር አለ። ዴቢያን 12 የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ተጭኖበት እንደ ራውተር ያገለግላል፤ ሁለት የገመድ መሰኪያዎች አሉት፤ ገመድ አልባው ካርድ በኤም 2 ማስገቢያ ላይ የተቀመጠ ኢንቴል 8265 ነው። ጠያቂው ችግሩን ለሦስት ከፍሎ አስቀምጧል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የዋይፋዩ ስም አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ የለም። በ5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ ኮምፒውተሩን የዋይፋይ አከፋፋይ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ሆስትኤፒዲ፣ ጨርሶ አልነሳም ይላል። ክፍሉ ሲሞላ ደግሞ ስልኮች ይቆራረጣሉ፤ በተለይ ከብሎኬቱ ግድግዳ ወዲያ የተቀመጡት። መደምደሚያውንም አብሮ ጽፎታል፦ መብራት ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ካርዱን አቃጥሎታልና፣ ከአዲስ አበባ የትኛውን ካርድ ላስመጣ?

ሦስቱን ምልክቶች ለያይቶ መጻፉ ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልሱን ሰንሰለት፣ ጠቅሞታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ እምቢ አለ በሚል አንድ መስመር ይመጣና መላሹ ሁሉ በግምት ሲጓዝ ይውላል።

መልስ 1። ከባሕር ዳር ነው። ወንድም ዓለም እያለ በትሕትና ገባና፣ ካርዱን ሞቷል ብሎ ከመቅበር በፊት የአራት ትእዛዞችን ውጤት እንዲለጥፍ ጠየቀ። የመጀመሪያው የተሰኩትን ካርዶች የሚዘረዝረው ኤልኤስፒሲአይ ነው፣ ከ«-ኤንኤንኬ» ጋር። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጉዳዩ የማስገቢያው፣ የባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የቦርዱ ፕሮግራም) ወይም የካርዱ የራሱ ነው፤ ሶፍትዌር መነካካት ከንቱ ድካም ይሆናል። ካርዱ ኖሮ ከሥሩ በሥራ ላይ ያለውን ድራይቨር (ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) የሚነግረው መስመር ከጠፋ፣ ድራይቨሩ አልያዘውም ማለት ነው። ሁለተኛው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ፣ ዲሜሴጅ ነው። እዚያ ላይ ፈርምዌር (በራሱ በካርዱ ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም) መጫን በስሕተት ቁጥር -2 ከሸፈ፣ ፋይሉ በቦታው የለም ማለት ነው፤ ለዚህ ካርድ መድኃኒቱ ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ የሚባለው ፓኬጅ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ፓኬጁን ለማውረድ ስልክን በዩኤስቢ ሰክቶ ዳታ ማጋራት እንደሚበቃም ጨምሯል። ሦስተኛው ዋይፋዩ ታግዶ እንደሆነ የሚያሳየው አርኤፍኪል ሊስት፣ አራተኛው የካርዱን ችሎታ የሚዘረዝረው አይደብሊው ሊስት። ከመጨረሻው ላይ ሁለት ነገር ብቻ እንዲታይ አሳሰበ፦ ካርዱ ከሚችላቸው የአሠራር ዓይነቶች መካከል «ኤፒ»፣ ማለትም ዋይፋይ አከፋፋይ መሆን፣ አለ ወይ? በየቻናሉ ጎንስ ምን ምልክት ተጽፏል?

መልስ 2። አጭር ነው። ካርዱ ተቃጥሏል፤ ጎጃም ላይ የክረምት መብረቅ ስንቱን ዕቃ ይፈጃል፤ አዲስ ግዛና ተገላገል የሚል።

መልስ 3። ይኼኛው 2ኛውን በቀጥታ አርሞታል፣ ትንሽም ቆጣ ብሎ። የተቃጠለ ካርድ በማግስቱ ተነሥቶ አይሠራም። መብረቅና የኃይል ንረት ሲገቡ የሚገቡት በገመድ ነው፤ ቀድሞ የሚሞተው የኃይል አስማሚው ወይም የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው ነው። ከቤት ውጭ የተተከለ አንቴና ከሌለው ገመድ አልባ ካርድ ለብቻው ተመርጦ የሚመታበት ምክንያት የለም። አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚል ነገር ሲገጥም መታየት ያለባቸው የካርዱ አቀማመጥ፣ የሚደርሰው ኃይልና ኮምፒውተሩ ሲነሣ ነገሮች የሚነቁበት ቅደም ተከተል ናቸው። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 4። ከፍኖተ ሰላም የጻፈችው እህት አቀማመጡን በዝርዝር አስረድታለች። 2230 የሚባለው የካርድ መጠን በአንድ ብሎን ነው የሚያዘው። ብሎኑ ከላላ ማስገቢያው ካርዱን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ከፊሉ የመገናኛ እግር ይነካል ከፊሉ ይስታል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ የኃይል ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ ካርዱን አውጥቶ ወርቃማውን ጠርዝ በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ መልሶ አጥብቆ ማሰር። አርኤፍኪል ላይ የሚታዩትን ሁለት ዓይነት እገዳዎችም ለያይታለች። በሶፍትዌር የተደረገው በአርኤፍኪል አንብሎክ ይነሣል። የሃርድዌሩ ግን በትእዛዝ አይነሣም፤ በኤም 2 ማስገቢያ ላይ 56ኛው እግር ዋይፋዩን የሚዘጋው መስመር ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦርዶች ይህን እግር ዝቅ አድርገው ይዘው ካርዱን ያፍኑታል። መጀመሪያ ባዮሱ ውስጥ የገመድ አልባ ማብሪያ መኖሩ ይታይ፣ እግር በቴፕ መሸፈን የመጨረሻ ነው ብላለች።

መልስ 5። ጠያቂው ተመለሰ፤ እህቴ፣ ወንድሞቼ ብሎ አመስግኖ ውጤቱን ለጠፈ። ካርዱ በ02:00.0 ላይ ይታያል፣ መለያው 8086:24ኤፍዲ ነው፣ ድራይቨሩ ይዞታል፣ ፈርምዌሩ ተጭኗል፣ አንድም እገዳ የለበትም። የ5 ጊጋኸርትዝ ቻናሎች በሙሉ ግን «ኖ አይአር» የሚል ምልክት አለባቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክሩን ያዞረው ሳያስበው አብሮ የለጠፈው ነገር ነው። በከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይ «ኔት.አይኤፍኔምስ=0» ተጽፏል፤ ገመድ አልባ መገናኛውም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ ደብሊውላን0 እና ደብሊውላን1። ሁለተኛው ለመጠባበቂያ ተሰክቶ የቀረ ትንሽ የዩኤስቢ አስማሚ ነበር።

መልስ 6። የክሩ ምርጥ መልስ ለእኔ ይህ ነው። ዴቢያን በራሱ ልማድ ለገመድ አልባ ካርድ የሚሰጠው ስም ካርዱ ከተሰካበት ቦታ የሚወጣ ነው፤ 02:00.0 ላይ ያለው ደብሊውኤልፒ2ኤስ0 ይባላል፣ ሁልጊዜም ይኸው ነው። ያንን የማስነሻ ቃል ከአሮጌ መመሪያ ገልብጦ የጻፈ ሰው ግን ልማዱን አጥፍቶታል። ከዚያ በኋላ ስም የሚሰጠው በቅድሚያ ነው፤ ቀድሞ የነቃው ደብሊውላን0 ይሆናል። በሞቀ ዳግም ማስነሣት ብዙ ጊዜ የውስጡ ካርድ ይቀድማል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ሁሉም ከዜሮ ስለሚነሣ ቅደም ተከተሉ ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ የዩኤስቢው ይቀድማል። ሆስትኤፒዲ ደብሊውላን0 ላይ እንዲነሣ ስለታዘዘ ሄዶ የዩኤስቢውን ይይዛል። የዚያ አስማሚ ድራይቨር የኤፒ አሠራር አያውቅም፤ ሆስትኤፒዲ ድራይቨሩን በሚፈልገው ዓይነት ማዘጋጀት አልቻልኩም ብሎ ይወድቃል። የዋይፋዩ ስምም ከሰማይ ይጠፋል።

ማረጋገጫውንም ሰጥቶታል። ስሙ በጠፋበት ሰዓት አይደብሊው ዴቭ ብሎ በደብሊውላን0 ሥር ያለውን የማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) ማየትና በካርዱ ላይ ከታተመው ጋር ማመሳከር ነው። የማይመሳሰል ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

መድኃኒቱን ሁለት መንገድ አድርጎ አቅርቧል። ቀላሉ «ኔት.አይኤፍኔምስ=0» የሚለውን ከማስነሻው ፕሮግራም ከግረብ ፋይል አውጥቶ አፕዴት-ግረብ ማለት፣ ከዚያም በሆስትኤፒዲ፣ ለስልኮቹ አድራሻ በሚያድለው በዲኤንኤስማስክና በፋየርዎል ሕጎች ውስጥ ያለውን አሮጌ ስም በአዲሱ መተካት ነው። ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ያኔ ስልኩ ይገናኛል፣ አድራሻም ያገኛል፣ ኢንተርኔት ግን አይወጣም። ሌላው መንገድ በ«/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ኔትወርክ» ሥር የሊንክ ፋይል መጻፍ ነው፤ ካርዱን በማክ አድራሻው ለይቶ የራሱ የሆነ ስም መስጠት። ስሙን መልሶ ደብሊውላን0 ማለት ግን አይገባም፣ ከርነሉ ያንኑ ስም ለሌላው ሰጥቶት ይጋጫሉ። ዋይፋይ0 ቢባል ይበቃል።

መልስ 7። ከቡሬ ነው። 6ኛውን ሙሉ በሙሉ ደግፎ፣ መጠባበቂያ የተባለው የዩኤስቢ አስማሚ ከነጭራሹ ይነቀል አለ። ካልቀረም ከዩኤስቢ 3 መሰኪያ ይራቅ፤ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል፣ አጠገቡ ያለውን አንቴናም ያደነቁራል። ፍላሽ ዲስክ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እዚያው ተሰክቶ ከሆነም ነገሩ ያው ነው። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከኋላ ለተቀመጡት ስልኮች ችግር፣ የተገናኙትን ስልኮች ሲግናል የሚያሳየውን አይደብሊው ስቴሽን ደምፕ የሚለውን ውጤት ጠየቀ፣ በቅንፍ ውስጥ ያሉትን የየአንቴናውን ቁጥሮች ጨምሮ።

መልስ 8። ስለ 5 ጊጋኸርትዝ ነው። ኢንቴል እነዚህን ካርዶች የሠራው ለላፕቶፕ ነው። ካርዱ ያለበትን አገር በዙሪያው ከሚሰማቸው ኔትወርኮች ለራሱ ይወስናል፤ ሕጉን የሚያስከብረው ፈርምዌሩ ነው። ኖ አይአር ማለት ቀድመህ አትናገር ማለት ነው፤ ደንበኛ ሆኖ መገናኘት ይፈቀዳል፣ ኤፒ ሆኖ መጥራት አይፈቀድም። ሆስትኤፒዲ 5180 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም ቻናል 36፣ ለኤፒ አይፈቀድም ብሎ የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ለዚህ ሥራ አልተሠራም እንጂ።

መልስ 9። በድራይቨሩ ላይ «ላር_ዲሴብል=1» የሚል አማራጭ በመጨመር ይከፈታል የሚል ምክር አመጣ።

መልስ 10። ክሩ እዚህ ላይ መረረ። ያ አማራጭ ከከርነሉ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የዴቢያን 12 ከርነል 6.1 ነው፤ ቢጻፍ ሎጉ የማላውቀው አማራጭ ነውና ትቼዋለሁ ይላል እንጂ አንዲት ቻናል አይከፍትም። ሳይሞክሩ ከአሮጌ ገጽ መገልበጥ ጠያቂውን ያደክማል፤ የችግሩ ሥር ራሱ ከአሮጌ መመሪያ የተገለበጠ ቃል መሆኑን ገና አሁን አየን አይደል ወይ ሲል ዘለፈው።

መልስ 11። 9ኛው ተቆጥቶ ተመለሰ፤ በቀድሞው ከርነል ይሠራ እንደነበር ጠቅሶ፣ መልስ በጨዋ ቋንቋ ይሰጥ አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገሩ በፊት ይሠራ ነበር፤ አሁን አይሠራም።

መልስ 12። አስታራቂ ሆኖ የገባው የደጀኑ ሰው ጨዋታውን ወደ ሥራ መለሰው። 5 ጊጋኸርትዝ ከተፈለገ ካርዱ ይቀየር፤ ግን ዓይን ተከፍቶ። በኤም 2 ላይ ሚዲያቴክ 7921 በ6.1 ከርነል ኤፒ ይሆናል። ኢንቴል ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 በመልክ ተመሳሳይ ቢሆኑም ግማሽ ሥራቸው ያለው በኢንቴል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ያንን በማይደግፍ ቦርድ ላይ ጨርሶ አይታዩም፤ ርካሽ ናቸው ብሎ የገዛ ብሩን ጣለ ማለት ነው። ቦርዱ አሮጌውን ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ የያዘ ከሆነ የአቴሮስ ካርዶች አሉ፤ በኤትኤች9ኬ ድራይቨር የሚሠሩት የፒሲአይ ካርዶች ፈርምዌር እንኳ ከውጭ አይጠይቁም፣ በኤትኤች10ኬ የሚሠሩት ግን ይጠይቃሉ።

አንድ ካርድ ሁለቱን ሞገዶች በአንድ ጊዜ ያሠራል ብሎ መጠበቅ ስሕተት መሆኑንም አክሏል። አይደብሊው ሊስት መጨረሻ ላይ ስለ ጥምረቶች በሚናገረው ክፍል የቻናሉ ብዛት ከ1 አይበልጥም ካለ፣ ወይ 2.4 ወይ 5 ነው። የአገር ኮዱ «ኢቲ» ተብሎ በሆስትኤፒዲ ይጻፍ፤ ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች ይመረጡ። ከ52 ጀምሮ ራዳር የመስማት ግዴታ አለ፤ ኤፒው ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ በ120፣ 124 እና 128 ደግሞ 10 ደቂቃ። ይህን የማያውቅ ሰው ኤፒው ሞተ ብሎ በየደቂቃው እያጠፋ ሲያበራው ይውላል።

መልስ 13። ከእንጅባራ ወገን የመጣ ነው፤ ወሬውንም ወደ ዛፍና ወደ ቆርቆሮ ወሰደው። ቆርቆሮ ሞገድን ይመልሳል እንጂ አያሳልፍም፤ ቆርቆሮ በለበሰ ግድግዳ ማዶ ሲግናል መጠበቅ የለብንም። የጭቃ ግድግዳ በበጋ ያሳልፋል፣ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ይይዛል። በሁለት ሕንጻዎች መካከል ዲከረንስ ወይም ባሕር ዛፍ ከበቀለ፣ በደረቁ ወራት የሚሠራ ግንኙነት ቅጠሉ ሲረጥብ ይደክማል፤ 5 ጊጋኸርትዝ ላይ ይብሳል። ጠያቂው ስለ አንድ ክፍል ነበር የጠየቀው፤ ሆኖም ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ለሚያሻግሩ ሰዎች ይህ የሚቀመጥ ምክር ነው።

መልስ 14። ስለ መብራት መጥፋት ከተነሣ አይቀር ብሎ ስለ ባትሪ ጻፈ። ኮምፒውተሩ 12 ቮልት የሚበላ ከሆነ ኢንቨርተር ሳያስፈልግ ከ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ነገር ግን በቀጥታ አይገናኝም፤ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ እስከ 14.4 ቮልት ይወጣል፣ ሲደክም ከ12 በታች ይወርዳል። ከፍ ዝቅ የሚለውን ተቀብሎ የተስተካከለ 12 ቮልት የሚያወጣ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ መቀነስ ብቻ የሚችለው ዓይነት ባትሪው ሲደክም አይሆንም። በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ለባትሪው ቅርብ አድርጎ፣ 5 አምፒር ፊውዝ ይግባ። 12 ዋት የሚበላ ማሽን ከ50 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀም፣ በመቀየሪያው የሚባክነው ታስቦም 20 ሰዓት ያህል ይቆማል።

መልስ 15። ስለ ዛፍና ስለ ባትሪ ሌላ ክር ይከፈት ብሎ ኮስተር አለና፣ እስከዚያ ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ። ክፍሉ ሲሞላ ስልኮች የሚቆራረጡት በሲግናል ብቻ ነው ያለው ማነው? የዚህ ካርድ ድራይቨር በሰንጠረዡ የሚይዘው 16 ጣቢያ (የተገናኘ መሣሪያ) ነው፤ ከዚያም ጥቂቱን ለራሱ የውስጥ ሥራ ይወስዳል። ስለዚህ ከደርዘን ብዙም ያልዘለለ ስልክ ሲገባ በሩ ይዘጋል። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ፣ አዲስ የመጣው ተማሪ አይገባለትም። ይህን የሚያስተካክል ቅንብር የለም።

ሁለተኛው የአድራሻ ጉዳይ ነው። ዲኤንኤስማስክ 50 አድራሻ ብቻ ተሰጥቶት እያንዳንዱን ለ24 ሰዓት የሚያከራይ ከሆነ፣ ጠዋት መጥቶ የሄደው ተማሪ አድራሻውን ይዞ ሄዷል። ከሰዓት የሚመጣው ስልክ አድራሻ በመፈለግ ላይ እንዳለ ይቆማል። ኪራዩን ወደ 1 ሰዓት ማውረድ፣ ከ192.168.10.20 እስከ 192.168.10.250 ማስፋት። ሦስተኛው በ2.4 ላይ የቻናሉ ስፋት 20 ሜጋኸርትዝ ይሁን፣ ቻናሉም 1፣ 6 ወይም 11። መሠረታዊ ፍጥነቶቹን 60 120 240 ብሎ በሆስትኤፒዲ መጻፍ በ1 ሜጋቢት የሚጎተተውን ንግግር ያስቀራል፤ እጅግ አሮጌ መሣሪያ ግን ከዚያ በኋላ አይገባም።

መልስ 16። ጠያቂው የጣቢያዎቹን ውጤት አመጣ። ከኋላ ካሉት ስልኮች የአንዱ ሲግናል -62 ሲሆን በቅንፍ ውስጥ -62 እና -88 ይላል። ከፊት ያለው ደግሞ -47፣ በቅንፍ -47 እና -75። የቡሬው ሰው ወዲያው በዚያው ሥር ጻፈለት፤ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ጥቂት ዴሲቤል ልዩነት ያለ ነው፣ 26 እና 28 ግን አንዱ አንቴና ተነቅሏል ማለት ነው። የዚህ ካርድ የአንቴና መሰኪያ ኤምኤችኤፍ4 የሚባለው ነው፣ ከተለመደው ዩኤፍኤል ያነሰ፤ የዩኤፍኤል ገመድ ገፍቶ ያስገባ ሰው የገባ ይመስለዋል እንጂ አይዝለትም። በጣት ጫፍ ቀጥ አድርጎ ተጭኖ ቀጭኗን ድምፅ መስማት፣ ከዚያ ገመዱን ሳይጎትቱ በቴፕ ማስያዝ። ደጋግሞ መንቀልና መሰካት መሰኪያውን ያሰፋዋል፤ ዩኤፍኤል የሚሠራው ለ30 ጊዜ ያህል ነው።

መልስ 17። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ይላል፤ የተዘጋጀ ራውተር ገዝቶ መገላገል አለ። አነጋገሩ ሸካራ ነው፣ ውስጡ ግን ቁም ነገር አለው። የሊኑክሱ ማሽን ራውተርነቱን ይያዝ፤ ፋየርዎሉን፣ አድራሻ ማደሉን፣ የፍጥነት ድልድሉን። ዋይፋዩን ግን ለብቻው የቆመ ኤፒ ይሥራው። ተራ የዋይፋይ ራውተር ተወስዶ የራሱ ዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያው) ይጠፋል፤ አድራሻው በዚያው ኔትወርክ ሌላ ቁጥር ይሆናል፣ ለምሳሌ 192.168.10.2፤ ገመዱ በዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) መሰኪያው ሳይሆን ከላን (የውስጥ ኔትወርክ) መሰኪያዎቹ በአንዱ ይገባል። ከዚያ በክፍሉ መካከል ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። የ16 ጣቢያ ጣሪያና የኢንቴል 5 ጊጋኸርትዝ እገዳ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀራሉ። ለብዙ ተማሪ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ ካርድ ከማስመጣትም ይቀላል።

መልስ 18። ጠያቂው የሠራውን ዘርዝሮ ጻፈ። የዩኤስቢ አስማሚው ተነቅሏል፣ አንቴናው ተይዞ ሁለቱ ቁጥሮች ወደ 4 ዴሲቤል ልዩነት ቀርበዋል፣ ኪራዩ አጥሯል፣ የሊንክ ፋይሉም ተጽፎ ካርዱ ዋይፋይ0 ተብሏል። ነገር ግን ከዳግም ማስነሣት በኋላ ስሙ አንዴ ደብሊውላን0 ሆኖ ተመልሷል። የባሕር ዳሩ የመጀመሪያ መላሽ እዚያው ጨመረለት፤ ዴቢያን የሊንክ ፋይሎችን ቅጂ ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ በሚጫነው በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ቀድሞ የሚነበበውም እሱ ነው። ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ከ«-ዩ» ጋር ይታዘዝ። ሙከራውም ሪቡት በማለት ብቻ አይሁን፤ ማሽኑ በሥርዓት ይጥፋ፣ ገመዱ ከሶኬት ይነቀልና ጥቂት ቆይቶ ይሰካ፤ መብራት ሲመጣ የሚሆነው እሱ ነውና።